በአፍ የተያዘ ማስረጃ

መናኸሪያው ውስጥ የአባቱን ስም ቀርቶ የራሱን ስም የሚያውቅለት ሰው ጥቂት ነበር። ሁሉም ማይኩ ነው የሚለው። ከቲኬት መስኮቶቹ በላይ ባለች፣ አንድ ወንበርና አንድ ጠረጴዛ ብቻ በምትይዝ ክፍል ተቀምጦ፣ የትኛው አውቶቡስ ከየትኛው በር እንደሚነሳ በድምፅ ማጉያ የሚናገረው እሱ ስለሆነ ነው። ድምፁ ወፍራም፣ የረጋ፣ ሰው የማያስደነግጥ ነበር። አውቶቡስ ያመለጠው መንገደኛ እንኳ ከማይኩ አፍ "ተነስቷል" የሚለውን ሲሰማ ከመሳደብ ይልቅ ሻንጣው ላይ ቁጭ ይላል ይባልለት ነበር።

ነገር የመጣው በጥርስ በኩል ነው። የላይኞቹ ጥርሶቹ አንድ በአንድ ሲነቃነቁ ቆይተው ሐኪም ጠራርጎ ነቀለለት። የሚስቱ ታናሽ ወንድም ደግሞ ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚሠራ ባለሙያ ነው። "እኔ እያለሁ ጋሼ ሌላ ሰው ጋ ሊሄድ? ሰው ምን ይለኛል?" አለ። ለዘመድ በሚሆን ዋጋ ልኩን ወስዶ ሠራለት። ማይኩ ጥርሱን አድርጎ መስታወት ፊት ሲቆም ወጣትነቱ የተመለሰ መሰለውና ደስ አለው።

ደስታው እስከ ማግስቱ ነበር የቆየው። ጠዋት ክፍሉ ገብቶ ማይኩን ከፈተና "የተከበራችሁ ተሳፋሪዎች" ሲል፣ "ሳ" ላይ ሲደርስ እንደፈላ ማንቆርቆሪያ ፉጨት ወጣው። ፉጨቱ በድምፅ ማጉያው አልፎ ግቢውን ሞላው። ታች ዕቃ የሚጭኑት ተሸካሚዎች ቀና ብለው አዩ፤ አንዱ መልሶ አፏጨለት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥርሱ ሰላም አልሰጠውም። ንግግር ረዘም ሲል ከድዱ ተላቆ ይወርዳል፣ ይንቋቋል፣ ድዱን ፈግፍጎ አቁስሎታል። ሦስቴ አራቴ ወደ አማቹ ተመለሰ። አማቹ ጥርሱን ከአፉ ያወጣል፣ ጫፉን ሞረድ ሞረድ ያደርጋል፣ "ትለምደዋለህ ጋሼ" ብሎ መልሶ ይከትለታል። በሩ ላይ ሁልጊዜ ሌላ ደንበኛ ይጠብቅ ነበር።

ይህም ቢሆን ፍርድ ቤት ባልወሰደው። አንድ እሁድ ቤተሰቡ ለምሳ ተሰብስቦ ሳለ ማይኩ ሥጋውን ማኘክ አቅቶት ወደ ሳህኑ ጥግ ሲገፋው አማቹ አየ። "ጥርሱስ ምንም አልሆነ" አለ፣ ለሁሉም እንዲሰማ አድርጎ። "ጋሼ ወሬ ያበዛል። ጥርሱ ደክሞት ነው።" ገበታው በሳቅ ፈረሰ። ልጆቹ ሳቁ፣ የጎረቤት ሴት ሳቀች። ባለቤቱም የሻርፗን ጫፍ አፏ ላይ አድርጋ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። ማይኩ ማንኪያውን አስቀመጠ። በማግስቱ ከሥራ ፈቃድ ጠየቀ።

"ወንድሜን ልትከስ?" አለችው ባለቤቱ።

"ጥርስ ሠሪውን ነው የምከሰው።"

"ጥርስ ሠሪው ማን ሆነና?"

"ወንድምሽ መሆኑ የእኔ ጥፋት አይደለም።"

"ለጠበቃ የምትከፍለው ካለህ በሱ ሌላ ጥርስ አሠራ።"

"ጠበቃ ምን ያደርግልኛል? አፍ አለኝ" አላት። ይህችን ቃል በኋላ ብዙ ጊዜ አስታውሷታል።

ፍርድ ቤቱ ለትንንሽ ክርክሮች የተለየ ችሎት ነበረው፤ ሰው ያለ ጠበቃ ራሱ ጽፎ ራሱ የሚከራከርበት። ማይኩ ማመልከቻውን በእጁ ጻፈ። መናገር የለመደ ሰው ስለሆነ ከሥራ ዘመኑ መጀመሪያ ነበር የተነሳው። መዝገብ ቤት ያለችው ሠራተኛ ከመስታወቱ ጀርባ ሆና የመጀመሪያውን ገጽ ጨርሳ ቀሪዎቹን በጣቷ ገለጥ ገለጥ አደረገቻቸው።

"ጋሼ፣ ይሄ የሕይወት ታሪክ ነው" አለችው፤ ክፋት አልነበረባትም። "ማን ምን እንዳደረገዎት፣ ፍርድ ቤቱ ምን እንዲያደርግልዎ እንደሚፈልጉ፣ ማስረጃዎ ምን እንደሆነ፣ እሱን ብቻ ይጻፉልኝ።"

ኮሪደሩ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ጉልበቱ ላይ እንደገና ጻፈው። ያስቸገረው "ምን እንዲደረግልዎ ይፈልጋሉ" የሚለው ነው። የፈለገው ያ የእሁድ ሳቅ እንዲመለስለት ነበር፤ እሱን ደግሞ የትኛው ችሎት ያዛል? "ተከሳሽ በልኬ የሆነ ጥርስ እንዲሠራልኝ ወይም የከፈልኩትን እንዲመልስልኝ" ብሎ ጻፈ። ማስረጃ በሚለው ሥር ደረሰኙን ካሰፈረ በኋላ "ጥርሱ ራሱ" ብሎ ከሥሩ አሰመረበት። በዚህች ሐሳቡ ኮራ ብሎ ነበር የተነሳው።

ሠራተኛዋ አነበበችና ራሷን ነቀነቀች። "አሁን ጥሩ ነው። ጥርሱስ?"

ማይኩ ጎንበስ ብሎ በመስታወቱ ቀዳዳ በኩል አፉን ከፈተላት።

"አየሁት። ይስጡኛ።"

"እንዴት ነው የምሰጥሽ? በምን ላወራ ነው?"

"ማስረጃ ብለው ከጻፉ እዚህ ታሽጎ ነው የሚቀመጠው። ነገ ተከሳሹ 'ቤቱ ወስዶ ሞርዶት ነው የተበላሸው' ቢል ምን ይላሉ? ካልፈለጉ ይሰርዙት።"

"ከሰረዝኩት በምን አስረዳለሁ?"

"እሱን እኔ ልመክርዎት አልችልም።"

ከኋላው ሰልፉ ረዝሟል። አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ሌላው እግሩን ቀያየረ። ማይኩ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረና መሐረቡን አፉ ላይ አድርጎ ጥርሱን አወጣው። ሠራተኛዋ መሐረቡን እያዘነበለች ጥርሱን በፕላስቲክ፣ ፕላስቲኩን በፖስታ አደረገችው፤ የፖስታውን አፍ ለጥፋ ማህተም መታችበት። ከዚያ ስልክ ቁጥሩን ጠየቀችው። ነገራት። እንደገና ጠየቀችው። እንደገና ነገራት። በቀዳዳው በኩል ቁራጭ ወረቀት ገፋ አደረገችለት፤ "ይጻፉት።"

ቀጠሮው ሩቅ ነበር፤ ወራት ነው የሚቀረው። ማይኩ ይህን የተረዳው ደረጃውን ወርዶ አደባባይ ላይ ከቆመ በኋላ ነው። በማግስቱ ተመልሶ "ጥርሴን መልሱልኝ" ብሎ በወረቀት አቀረበ።

"ያለ ዳኛ ትዕዛዝ ማሸጊያው አይከፈትም" አለችው ሠራተኛዋ። "ዳኛ ዘንድ የሚቀርቡት ደግሞ በቀጠሮዎ ቀን ነው።"

ወረቀቱን ገልብጦ "ክሱን ልተወው" ብሎ ጻፈ።

"እሱንም ዳኛ ነው የሚፈቅደው። በቀጠሮዎ ቀን።" ትንሽ አየችውና "ለስላሳ ነገር ይብሉ እንግዲህ" አለችው።

መጥሪያውን ለተከሳሽ አድርሶ የማስፈረሙ ሥራ የከሳሹ ነበር። የአማቹ የሥራ ክፍል ከአንድ የጫማ ሱቅ በላይ ነው። ደረጃው ላይ ሳይቀር የጄሶ ብናኝ አለ፤ መደርደሪያው ላይ የማን እንደሆኑ የማይታወቁ የጄሶ መንጋጋዎች ተደርድረዋል። አማቹ ትንሿን እሳት ለኩሶ ሰም እያቀለጠ ነበር። ወረቀቱን ተቀበለና እስከ ታች አነበበው።

"ከሰስከኝ፣ ጋሼ?"

ማይኩ ፈርም ሊል ነበር። የወጣው "ሀርም" ነው።

"ምን?"

"ሀርም።" በአየር ላይ በጣቱ ፊርማ ጫረ።

አማቹ ገባው። ፈረመ። ግን ወረቀቱን ሲመልስለት አፉን ነበር የሚያየው፤ የሙያ ሰው እንደሚያይ፣ ምን ያህል ሟሸሸ ብሎ። "ጥርሱንስ የት አደረግከው?" አለ። ማይኩ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው። ደረጃውን ሲወርድ ከንፈሩ ወደ ውስጥ ገብቶ፣ ጉንጩ ጎድጉዶ፣ በሱቁ መስታወት ላይ ያየው ሽማግሌ አባቱን መሰለው።

ያ ሁሉ የጥበቃ ጊዜ ቤት ውስጥ አለፈ። የመናኸሪያው ኃላፊ፣ ዕድሜው ከማይኩ የመጨረሻ ልጅ ብዙም የማይበልጥ ሰው፣ "እስኪሻልዎት ይረፉ" ብሎት ነበር፤ ለጊዜው ተብሎ ደግሞ የተቀዳ ድምፅ ተገጠመ። ቤታቸው ከመናኸሪያው ብዙ አይርቅም። ንፋሱ በዚያ በኩል ሲነፍስ የተቀዳችው ሴት ድምፅ እስከ መስኮቱ ትመጣለች። አትሳሳትም፣ አታስልም፣ ከጠዋት እስከ ማታ አንድ ዓይነት ናት። ማይኩ መስኮቱን ይዘጋል፤ ሲሞቅ መልሶ ይከፍታል።

ጎበዝ ተናጋሪ የነበረ ሰው በጣት ማሳየት ጀመረ። ጨው ሲፈልግ ያሳያል፣ በሩ ሲንኳኳ ያሳያል። ሰው ሲመጣ ወደ ጓዳ ይገባል፤ አፉን ከፍቶ "ምን አልክ?" ከመባል አለመታየቱን መረጠ። የገዛ ቤቱ ያችን የመዝገብ ቤት መስታወት ሆነበት፤ እሱ በዚህ በኩል፣ ሰው ሁሉ በዚያ በኩል። አማቹ እሁድ እሁድ መምጣቱን ተወ። የእሱ ወንበር ባዶ ሆኖ ሲውል ባለቤቱ ሾርባውን ማይኩ ፊት ስታስቀምጥ ሳህኑ ከጠረጴዛው ጋር ይጋጫል። ቢሆንም አብራው የምትውለው እሷ ስለሆነች ጆሮዋ ለመደ። ልጆቹ ሦስቴ ጠይቀው የማይገባቸውን እሷ ጀርባዋን ሰጥታ ሳህን እያጠበች ትመልስለታለች። ከዚያ ያለፈ ወሬ በመካከላቸው አልነበረም።

የቀጠሮው ቀን ደረሰ። ባለቤቱ "እኔ ከማንም ጋር አይደለሁም" ብላ ለብቻዋ መጥታ የመጨረሻው ወንበር ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። አማቹ በጥቁር ኮት መጥቷል። ዳኛዋ መነጽራቸውን አድርገው መዝገቡን ገለጡ።

"ከሳሽ፣ ክስዎን ያስረዱ።"

ማይኩ ተነሳ። የሚናገረውን ለብዙ ቀን ጓዳ ውስጥ ተለማምዶታል። "የተከበረ ችሎት" ሊል "የሸከበረ ሺሎሽ" ብሎ ጀመረ። የችሎቱ ጸሐፊ ሁለት ቃል ያህል ጽፎ ጣቶቹን ከመጻፊያው ላይ አነሳ። ከኋላ የሆነ ሰው ሳቁን ዋጠ።

"ጥርስዎ የት አለ?" አሉ ዳኛዋ።

ጸሐፊው የታሸገውን ፖስታ አነሳና አሳያቸው።

"በሉ ይክፈቱላቸው። ያድርጉትና ይናገሩ።"

ፖስታው ተቀዶ ተሰጠው። ገና በእጁ ሳለ አማቹ ብድግ አለ። "ክብርት ዳኛ፣ አንድ ነገር ይመዝገብልኝ። ከሳሽ ጥርሱ አይሠራም ብለው ነው የከሰሱኝ። አሁን አድርገውት ከተናገሩ ይሠራል ማለት ነው።" ጋሼ ማለቱን ትቶ ከሳሽ ነበር ያለው።

"እሱን ፍርድ ቤቱ ይመዝነዋል" አሉ ዳኛዋ። ግን እስክርቢቶአቸው ወረቀቱ ላይ ሲሄድ ማይኩ አየ።

ጥርሱ መዳፉ ላይ ቀዝቅዞ ተቀምጧል። ቢያደርገው ንግግሩ ይገባቸዋል፣ ክሱ ግን ይወድቃል። ባያደርገው ክሱ ይቆማል፣ የሚሰማው ግን የለም። በሩን አየ፤ በሩ ላይ ቀጣዮቹ ባለጉዳዮች ተጠጋግተው ቆመዋል። በመጨረሻ ጥርሱን ወደ ፖስታው መልሶ ከተተው።

ዳኛዋ መነጽራቸውን አወለቁ። "የትዳር ጓደኛ ወይም ልጅ የለዎትም? ጠበቃ ለሌለው ሰው የቅርብ ቤተሰብ ሊናገርለት ይችላል።"

ማይኩ ዞሮ አላየም። ማየት አልደፈረም። ከኋላው ወንበር ሲንሻተት ነው የሰማው።

"እኔ ሚስቱ ነኝ" አለች።

"እትዬ" አለ አማቹ ዝቅ ባለ ድምፅ። "ተይ።"

"እሱ የሚለውን ብቻ ነው የምለው" አለች ለዳኛዋ። "ከራሴ አልጨምርም።" ወረቀት ቀረበላቸው፣ ማይኩ ውክልናውን ፈረመላት፣ መጥታ አጠገቡ ቆመች። ከገበታው ሳቅ ወዲህ እንዲህ ተጠግታ ቆማ አታውቅም።

ማይኩ አጉተመተመ፤ እሷ ተናገረች። ልኩ ሲወሰድ አማቹ በስልክ እያወራ እንደነበር፣ ጥርሱ እንደሚወርድ፣ ሲመለስ ሁሉ "ትለምደዋለህ" እንደተባለ። ወንድሟን ሳታይ፣ ዓይኗን ዳኛዋ ላይ ተክላ፣ የመናኸሪያውን ጉዳይ ሳይቀር አንድ በአንድ አስረዳች። የእሁዱ ምሳ ላይ ሲደርስም ቀልዱን እንዳለ ደገመችው። ክፍሉ ውስጥ እዚህም እዚያም ሳቅ ተሰማ።

ማይኩ እዚህ ላይ ቆም አለና አንዲት አጭር ነገር አለ። "አንሺም ሽቀሻል።"

ባለቤቱ ወደ እሱ ዞረች።

"ምን አሉ?" አሉ ዳኛዋ።

ከእሷና ከወንድሟ በቀር ያለው የገባው ሰው አልነበረም። ሌላ ነገር ብትል ማይኩ ምን ያደርግ ነበር? የሻርፗን ጫፍ በጣቷ ጠቀለለችው፣ ፈታችው።

"'አንቺም ስቀሻል' ነው ያለው። ለእኔ ነው ያለው።"

"ስቀዋል?"

"ስቄያለሁ። ወንድሜ ሲያስቅ ከልጅነቱ ጀምሮ እስቃለሁ። ግን ማታ ጥርሱን ሲያጥበው ውኃው ቀይ እንደሚሆን አውቅ ነበር። ለወንድሜም ነግሬዋለሁ። እያወቅኩ ነው የሳቅኩት።"

ዳኛዋ ወደ ተከሳሹ ዞሩ። "ቁስሉን ያውቁ ነበር?"

አማቹ እህቱን አየ። "ነግራኛለች።"

"ታዲያ እንደገና ልክ ለምን አልወሰዱም?"

"ሌላው ደንበኛ ይቆጣል፣ ስሜን ያጠፋል" አለ። ድምፁ እየወረደ ሄደ። "እሱ ዘመድ ነው። ዘመድ ይታገሣል ብዬ ነው።"

ከዚህ በኋላ ብዙ አልቆየም። ዳኛዋ ጥፋቱ የተከሳሽ ነው አሉ። ከሳሽ ከሁለት አንዱን ይምረጥ፤ ወይ ገንዘቡ ይመለስለት፣ ወይ ተከሳሽ በተወሰነ ቀን ውስጥ በልኩ አዲስ ጥርስ ይሥራለት። በዘመድ ዋጋ የተከፈለው ገንዘብ ደግሞ ሌላ ቦታ የአንድ ጥርስ እንኳ አይሆንም። ማይኩ ያሸነፈ ሰው ነበር። ያሸነፈ ሰው የሚሄድበት መንገድ ግን አንድ ብቻ ሆኖ አገኘው።

እናም በዚያው ሳምንት ከጫማ ሱቁ በላይ ባለችው ክፍል፣ በዚያው ወንበር ላይ ተንጋለለ። አማቹ እጁን ታጠበ፣ ስልኩን አጠፋና መሳቢያ ውስጥ ከተተው። ቀዝቃዛውን ልክ መውሰጃ አፉ ውስጥ አስገብቶ በሁለት አውራ ጣቶቹ ላንቃው ላይ ተጭኖ ያዘው።

"እስኪደርቅ እንዳትነቃነቅ፣ ጋሼ።"

ማይኩ ጣሪያውን አየ። የሰውዬው ትንፋሽ ግንባሩ ላይ ይሰማዋል። በአፍንጫው መተንፈስ ከበደው፤ ሊያንቀው መጣና የወንበሩን ክንድ ጨበጠ።

"ያን ቀን ገበታ ላይ ያልኩት ነገር..." አለ አማቹ። ቀና አላለም። "ጥርሱ እንደተበላሸ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አውቅ ነበር። ነገሩ ሰው ፊት ካንተ አፍ እንዳይወጣ ፈርቼ ነው ቀድሜ የቀለድኩት። ይቅርታ አድርግልኝ።"

ማይኩ እሺ ማለትም እምቢ ማለትም አይችልም። ራሱን ቢነቀንቅ ልኩ ይበላሻል። ዓይኑን ጨፈነ፤ አማቹ ያንን እንደ መልስ ወሰደው፤ መሆን አለመሆኑን ማይኩ ራሱ አላወቀም።

አዲሱ ጥርስ ደህና ሆነ። አያፏጭም፣ አይወርድም። ሥጋ እንኳ ቀስ ብሎ ያኝክበታል። ያልተስተካከለው ሌላ ነው። ባለቤቱ ከችሎቱ ቀን ወዲህ እሱን ወክላ መናገሯን አልተወችም። ጎረቤት "እንዴት ነህ?" ሲለው "ደህና ነው፣ አሁን ተሻለው" ትላለች። ባለሱቁ "ዳቦው ስንት ይሁን?" ሲለው እሷ ትመልሳለች። መልሷ አብዛኛውን ጊዜ ልክ ስለሆነ የሚነቅፈው ነገር አያገኝም። ለእሱ ብላ በገዛ ወንድሟ ላይ የቆመችን ሴት ደግሞ ዝም በይ አይባልም። ጥርሱን አፉ ውስጥ ይዞ ተራውን ይጠብቃል፤ ተራው አይደርስም።

ሥራውን ሊጠይቅ መናኸሪያ ሲሄድም አብራው ሄደች። ወጣቱ ኃላፊ ወንበር ስቦ አስቀመጣቸው።

"ጋሼ፣ ጥርሱ እንዴት ሆነልዎት?"

"በጣም ጥሩ ነው" አለች። "አሁን አይጎዳውም። መናገርም..."

"የጠየቀው እኔን ነው" አለ ማይኩ።

ድምፁ ያው የድሮው ድምፅ ነበር፤ ወፍራም፣ የረጋ። ባለቤቱ ዞራ አየችው። ፊቷ ቀላ። "እሺ፣ ተናገራ" አለች፤ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አስተካከለች።

ማይኩ በዝምታው ወራት ያጠራቀመው ንግግር ነበረው። ስለ ዓመታት አገልግሎቱ፣ ስለ ሰው ድምፅና ስለ ተቀዳ ድምፅ ልዩነት። ሁሉም ከፊቱ ጠፋ። "ሥራዬን እፈልጋለሁ" አለ ብቻ።

ኃላፊው ጠረጴዛውን በጣቱ መታ መታ አደረገ። የተቀዳው ድምፅ እንደማይነሳ፣ ከበላይ የመጣ ውሳኔ እንደሆነ በአክብሮት አስረዳው። "ግን የተቀዳችው ሴት የማትለው ነገር አለ" አለ። "ቦርሳ የጠፋበት፣ ልጅ የጠፋበት፣ እናቱ የጠፋችበት ሰው ሲመጣ የሚናገር ያስፈልገናል። ለዚያ ለዚያ እርስዎ ይሁኑ።"

ማይኩ ባለቤቱን አየ። እሷ የግድግዳውን ቀን መቁጠሪያ ነበር የምታየው።

"እሺ" አለ።

ከሰኞ ጀምሮ ወደ ክፍሉ ተመለሰ። ሴትየዋ በድምፅ ማጉያው አውቶቡሶቹን አንድ በአንድ ታስነሳለች። እሱ አዲሱን ጥርሱን አድርጎ፣ ማይኩን ዘግቶ፣ አንድ ሰው አንድ ነገር እስኪጠፋበት ድረስ ይቀመጣል።